ሁለት እሳት ያየ ኮረብታ

የአገራችን ሰው «እሳት አመድ ወለደ» የሚለው ከብርቱ አባት ደካማ ልጅ ሲወለድ ለመንቀፍ ነው። በአዳማ ዙሪያ ያሉትን ኮረብቶች በብስክሌት የዞረ ሰው ግን ተረቱን ለሁለት ሊከፍለው ይገባል። በዚህ አገር ተራራ የወለደ እሳት አለ፤ ከአመድ በቀር ምንም የማይወልድ እሳትም አለ። የመጀመሪያው ከመሬት ሆድ የወጣ ነው፤ ሁለተኛውን የሚያነደው ሰው ነው። የሁለቱ ጠባሳ በአንድ ኮረብታ ላይ ተደራርቦ ይታያል። ይህችን ጽሑፍ ያዘጋጀሁትም ሁለቱን ጠባሳዎች ለይቶ ማወቅ ምን እንደሚጠቅም፣ እንዲህ ባለው ስፍራም በኅብረት በብስክሌት ሲሄዱ ምን መጠንቀቅ እንደሚገባ ለመግለጥ ነው።

ጉዞው

በ2018 ዓ.ም. በጥቅምት ወር፣ በአንድ ቅዳሜ ጧት አሥራ አንድ ተማሪዎችና የጂኦግራፊ መምህራችን ሆነን ከአዳማ ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ ተነሣን። ዐሳባችን ከመንገዱ በስተ ግራ ወዳሉት ኮረብቶች ወጥተን፣ ከላይ ሆነን አገሩን ካየን በኋላ በወንጂ በኩል ለመመለስ ነበር። ከመካከላችን የራሳቸው ብስክሌት የነበራቸው አራት ብቻ ናቸው። የቀረነው ከሰፈር የተከራየን ሲሆን፣ ያገኘነውም «ማውንቴን» እያልን የምንጠራውን፣ ወፍራም ጎማና ማርሽ ያለውን ዓይነት ነው።

ብስክሌት በዚህ አካባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በሸንኮራው ማሳ መካከል በተዘረጋው ደልዳላ መንገድ ላይ ብዙ ሠራተኛ ወደ ሥራው የተመላለሰው በብስክሌት ነው። በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ጨዋታ በሜልቦርን ስትሰለፍም ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞች አብረው ሄደው ነበር። እኛ ግን የሄድነው ለውድድር ሳይሆን ለትምህርት ነው።

ወራቱንም የመረጥነው ዐውቀን ነው። መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ድረስ ይቈያል። በዚህ ጊዜ ጭቃው ደርቋል፤ የበጋው አቧራ ገና አልተነሣም፤ ሰማዩም ጥርት ይላል። ከዚህ በላይ ደግሞ መፀው የተቃጠለ መሬት ለሚመረምር ሰው መልካም ወራት ነው። እሳቱ በበጋ ሲነድ የምናየው ጥቁረቱን ብቻ ነው። ክረምት አልፎ ጥቁረቱ ሲታጠብ ግን እሳቱ በእውነት ምን እንደ ወሰደና ምን እንደ ተወ ይገለጣል።

የመጀመሪያው እሳት

ከዋናው መንገድ ወጥተን ዳገቱን ስንጀምር፣ ከጎማችን በታች ያለው መሬት ወዲያው ተለወጠ። አፈሩ ቀልቶ፣ እንደ ሽምብራ የሚንከባለል ቀዳዳ ቀዳዳ ድንጋይ ሆነ። ይህ ግንበኞች «ቀይ አሸዋ» እያሉ ለመንገድና ለግንባታ የሚያስቈፍሩት ነው። መምህራችን አንዱን አንሥቶ እንዲህ ሲል አስረዳን፦ «ይህ አንድ ጊዜ እንደሚፈላ ወተት የገነፈለ የቀለጠ ድንጋይ ነበር። በውስጡ የነበረው ጋዝ ሲያመልጥ ቀዳዳውን ትቶ ሄደ። የቀላውም በውስጡ ያለው ብረት በትኵስነቱ ከአየር ጋር ተገናኝቶ ስለ ዛገ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አዳማ የተቈረቈረችው በስምጥ ሸለቆ ወለል ላይ ነው። በዚህ ሸለቆ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት የምድር ቅርፊቶች በየዓመቱ በግማሽ ሳንቲ ሜትር ገደማ እየተራራቁ ይሄዳሉ። የእጃችን ጥፍር በሁለት ወር ውስጥ ከሚያድገው አይበልጥም ማለት ነው። ይሁን እንጂ ይህ ትንሽ ርቀት በሚሊዮን ዓመታት ሲባዛ መሬቱን ያሳሳዋል፤ ይሰነጥቀዋልም፤ በስንጥቁም የቀለጠ ድንጋይ ሽቅብ ይወጣል። የመሬት ጥናት ሊቃውንት በሸለቆው ወለል ላይ የሚገኘውን የወጣት ስንጥቆችና የእሳተ ገሞራዎች መስመር «የወንጂ ቀበቶ» ብለው ሰይመውታል። እኛ ስኳሩን እንጂ ይህን የማናውቅለት ጎረቤታችን ወንጂ በዓለም የሳይንስ መጻሕፍት የሚጠራው በዚህ ስሙ ነው።

የዚህ እሳት ልጆች ብዙ ናቸው። ብሎኬት የሚሠራበት ፑሚስ ከእሳተ ገሞራ የወጣ የደረቀ አረፋ ነው፤ ከቅለቱ የተነሣ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ባልጩት ደግሞ በፍጥነት ከመቀዝቀዙ የተነሣ መስተዋት የሆነ የቀለጠ ድንጋይ ነው። በባቱ አጠገብ በገደሞታ የተገኙት የባልጩት መሣሪያዎች ከ250 ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ አላቸው። የዚህ አገር ሰው ከብረት በፊት ሥጋውን የቈረጠው በዚሁ እሳት ልጅ ነው ማለት ነው። በሶደሬ የምንታጠብበት ፍል ውሃ፣ በአሉቶ ላንጋኖም ለኤሌክትሪክ ተብሎ የተቈፈረው እንፋሎት ሙቀታቸውን የሚያገኙት ከዚያው ምንጭ ነው።

ይህ እሳት አርጅቶ የሞተ አይምሰለን። በመተሐራ አጠገብ ያለው የፈንታሌ ተራራ ከ200 ዓመት ገደማ በፊት የቀለጠ ድንጋይ አፍስሷል፤ ጥቁሩ ድንጋይም እስከ ዛሬ ሣር ሳይለብስ ይታያል። ከ2017 ዓ.ም. መስከረም ጀምሮም በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ መሬቱ ደጋግሞ ተንቀጥቅጦ፣ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች ቀዬአቸውን ለቀው ተሰደዋል፤ ንዝረቱም እስከ አዲስ አበባ ተሰምቷል። ስለዚህ የመጀመሪያው እሳት የሚያስፈራ ነው። ነገር ግን እኛ ልንከለክለውም ሆነ ልናነደው አንችልም። በጊዜ ብዛት ደግሞ የወረወረው አመድ ራሱ አፈር ሆኖ ሣርና ግራር ያበቅላል።

ሁለተኛው እሳት

ከኮረብታው ወገብ ስንደርስ ያገኘነው ጥቁር ጉቶ ነው። ባለፈው መጋቢት እሳት ያለፈበት ስፍራ ነበር። ጥቂት ግራሮች ከላይ ደርቀው ከሥራቸው አቈጥቍጠዋል። ሣሩ በአንዳንድ ቦታ እንደ ምንጣፍ ለምልሟል፤ በሌላ ቦታ ግን ከቀይ ድንጋይ በቀር ምንም የለም።

አንድ ከብት የሚጠብቁ ሽማግሌ አግኝተን፣ ከመካከላችን ኦሮምኛ የሚናገረው ጓደኛችን «አካም ጅርቱ፣ አባባ» ብሎ ሰላምታ ካቀረበ በኋላ ስለ እሳቱ ጠየቃቸው። እርሳቸውም በትዕግሥት እንዲህ ሲሉ መለሱልን፦

«ልጆቼ፣ እሳት በእኛ ዘመን አልተጀመረም። ሣር ሲያረጅ ከብት አይበላውም፤ አዲስ እንዲበቅል አባቶቻችንም ያቃጥሉ ነበር። ያን ጊዜ ግን አገሩ ሰፊ፣ ከብቱም ጥቂት ነው። የተቃጠለው ቦታ ክረምት እስኪያልፍ ድረስ ይተዋል። የዘንድሮው የተነሣው ከሰል አክሳይ ጥሎት ከሄደው ፍም ነው። ሣሩም ገና ጥፍር ሳያህል ከብቱ ገባበት፤ የእኔም ከብት ገብቷል። ሌላ ወዴት ልውሰደው?»

ከዚህ የምንማረው ታላቅ ነገር አለ። መሬትን የሚገድለው መቃጠሉ ብቻ ሳይሆን፣ ከተቃጠለ በኋላ ዕረፍት ማጣቱ ነው። እሳት ሲያልፍ የሚያነደው ከመሬት በላይ ያለውን ነው። የሣሩ ሥር ከአፈር ውስጥ በሕይወት ይቈያል፤ አመዱም ለጊዜው ማዳበሪያ ይሆናል። ነገር ግን አፈሩ ልብሱን ተገፏል። የክረምት ዝናብ ጠብታ ሣር ላይ ሲወርድ ጉልበቱ ይበርዳል፤ ራቁቱን በሆነ አፈር ላይ ሲወርድ ግን እንደ መዶሻ ይመታዋል። የተመታው አፈር ደቅቆ የመሬቱን ቀዳዳዎች ይደፍናል። ውሃው መስረጊያ ሲያጣ አመዱንና የላይኛውን አፈር ይዞ ይወርዳል። ያ አፈር ከሄደ በኋላ ሥሩ ቢኖርም የሚይዘው ነገር የለውም።

ደግሞም ዛፍ ሁሉ አንድ አይደለም። ብዙ የግራር ዓይነቶች ከሥራቸው ያቈጠቍጣሉ፤ በደጋው የሚበቅለው አስታም እንዲሁ። ጽድ ግን ከተቃጠለ ከጉቶው አያቈጠቍጥም፤ እንደ ገና ከዘር ጀምሮ ማደግ አለበት፤ ይህም የሰው ዕድሜ ያህል ይፈጃል። ከኮረብታው ጫፍ ሆነን ወደ ምዕራብ ስንመለከት የዝቋላ ተራራ በሰማዩ ጥራት ላይ ብቻውን ቆሞ ይታየን ነበር። 2,989 ሜትር ከፍታ ያለው ይህ ተራራም የመጀመሪያው እሳት ልጅ ነው፤ በዐናቱ ላይ ያለው ሐይቅም የተኛው በእሳተ ገሞራው አፍ ውስጥ ነው። በመጋቢት 2004 ዓ.ም. ግን ሁለተኛው እሳት መጣበት። የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ገዳም ከብቦ የኖረው የጽድ ደን ለብዙ ቀናት ሲነድ፣ ከአዲስ አበባና ከቢሾፍቱ ሳይቀር ወጣቶች እየወጡ በቅጠልና በአፈር ተዋግተውታል። ከዚያም በፊት በ1992 ዓ.ም. በባሌና በቦረና የተነሣው ቃጠሎ ከ100 ሺህ ሄክታር በላይ አውድሟል። በዚያን ጊዜ ገበሬው፣ ወታደሩና ተማሪው አንድ ላይ ዘምተው፣ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከጀርመንና ከአሜሪካ ሳይቀር ርዳታ መጥቶ ነበር።

በአዳማ ደግሞ ለእሳት የሚያግዝ ብርቱ ነፋስ አለ። በከተማው ዳር ባሉት ኮረብቶች ላይ በ2004 ዓ.ም. 34፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ 102 የነፋስ ማመንጫዎች የተተከሉት ነፋሱ የታወቀ ስለ ሆነ ነው። ይህ ነፋስ የሚበረታው ሣሩ በሚደርቅበት በበጋ ነው። አምፑላችንን የሚያበራው ነፋስ አንዲት የተጣለች ፍም ሲያገኝ ኮረብታውን ሁሉ ያበራዋል።

በእንዲህ ያለ መሬት ላይ እንዴት ይነዳል

አንባቢ ሆይ፣ ወደ ብስክሌቱ ልመለስ። በተቃጠለ ኮረብታ ላይ መንዳት በአስፋልት ላይ እንደ መንዳት አይደለም። የተማርነውን በአጭሩ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ከፊት መንገድ የሚያውቅ፣ ከኋላ ደግሞ ብርቱ የሆነ ሰው ይመደባል፤ ከኋለኛው ወደ ኋላ ማንም አይቀርም። የጉዞው ፍጥነት የሚለካው በፈጣኑ ሳይሆን በደካማው ነው። ሁለተኛ፣ በቁልቁለት በሁለት ብስክሌቶች መካከል ቢያንስ 10 ሜትር ይተዋል፤ ቀይ አሸዋ ላይ ፍሬን ቶሎ አይዝምና። የፊቱን ፍሬን ብቻ በድንገት የያዘ ሰው በመሪው ላይ ተወርውሮ ይወድቃል፤ ሁለቱን ፍሬኖች ቀስ አድርጎ እየያዘ ሰውነቱን ወደ ኋላ ማድረግ አለበት። ሦስተኛ፣ ጎማው ጥቂት ለስለስ ቢል መሬቱን በደንብ ይጨብጣል፤ እጅግ ከላላ ግን ድንጋዩ ካላማዳሪውን ይበሳዋል። የግራር እሾህና የባልጩት ስባሪ ስለማይቀሩ ትርፍ ካላማዳሪ፣ ማስቲሽና የጎማ መንፊያ መያዝ ያስፈልጋል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው ዕቃውን ተከፋፍለን ስለ ያዝነው አልከበደንም። በዚያ ቀን ሦስት ጎማ ተበሳ፤ ሦስቱንም ያለ ጎሚስታ ጠገንን።

አራተኛ፣ ከተቃጠለ ዛፍ በታች አይታረፍም፤ ሥሩ የነደደ ዛፍ በጥቂት ነፋስ ይወድቃል። ሥሩ በነደደበትም ስፍራ ከላይ የማይታይ ጉድጓድ ስለሚቀር የፊት ጎማ ሊሰጥም ይችላል። አምስተኛ፣ ለአንድ ሰው ከሁለት ሊትር ያላነሰ ውሃ ይያዛል፤ እሳት ግን በምንም ምክንያት አይነድም።

ያገኘነው ቦይ

አሁን ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ወዳስገደደኝ ነገር ደረስሁ። ሁለተኛ ሆኜ እነዳ ስለ ነበር አስቀድሜ ያየሁት እኔ ነኝ። ከጫፉ ወደ ታች፣ በተቃጠለው ጎን በኩል፣ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ቦይ ነበር። ጥልቀቱ እስከ ጉልበቴ ይደርሳል። ከታች በኩል ሰፍቶ ለሁለት ተከፍሏል።

ያ ቦይ አምና መንገድ ነበር። ያወጣነውም እኛ ነን። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ላይ፣ ኮረብታው ከተቃጠለ ከሁለት ወር በኋላ፣ እኔና አራት ጓደኞቼ በየቅዳሜው ወደዚያ እየወጣን በዚያ ቁልቁለት እንወርድ ነበር። ሣር ስለሌለ ቁልቁለቱ ፈጣን ነው፤ ያስደስታልም። የብስክሌታችን ጎማ እየደጋገመ ያወጣው መስመር የስንዝር ስፋት እንኳ አልነበረውም። ክረምቱ ሲመጣ ግን ውሃው የተዘጋጀ መንገድ አገኘ። ጎማ አፈሩን ስለሚጠቀጥቀው ውሃ አይሰርግበትም፤ መስመሩም ቀጥ ያለ ስለ ሆነ ውሃው ተሰብስቦ በፍጥነት ይወርድበታል። ፍጥነት ያገኘ ውሃ አፈር ይቈርጣል፤ የቈረጠው አፈርና ድንጋይ ደግሞ እንደ ሞረድ ሆኖ ሌላውን ይቈርጣል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እውነት ነው።

ከቦዩ በስተ ቀኝ ሃያ ርምጃ ያህል ርቆ እሳት ያልደረሰበት ጎን ነበር። ቁልቁለቱ እኩል ነው፤ ዝናቡም አንድ ነው፤ ቦይ ግን የለውም። መምህራችን ይህን በዓይናችን እንድናይ ሁለት የውሃ ፕላስቲኮች ክዳን አስበስቶ፣ አንዱን በሣሩ ላይ፣ አንዱን በራቁቱ አፈር ላይ እንደ ዝናብ እንድናፈስ አደረገን። በሣሩ ላይ የፈሰሰው ጥቂት ሄዶ ጠፋ። በራቁቱ አፈር ላይ የፈሰሰው ቡና መስሎ እስከ እግራችን ወረደ።

በዚህ መካከል አንዱ ጓደኛችን ዝም ብሎ ወደ ከተማው ይመለከት ነበር። አዳማ በኮረብቶች የተከበበች ገበቴ መሆኗን ከላይ ሆኖ ያየ ሰው ወዲያው ይረዳል። ክረምት በመጣ ቍጥር ከኮረብታው የሚወርደው ጎርፍ በመንደር ውስጥ ማለፉ ለብዙ ቤተ ሰብ የታወቀ ችግር ነው። ባለፈው ነሐሴ የዚህ ጓደኛችን ቤት ጎርፍ ገብቶበት፣ እናቱ ዱቄቱንና የእኅቱን ደብተሮች ከአልጋ ላይ ሰቅለው አድረዋል። ቤታቸው ከሌላ ኮረብታ ሥር ስለ ሆነ የእኛ ቦይ አላደረሰበትም። ይሁን እንጂ፣ «ከእኛ በላይ ባለው ኮረብታ ላይስ ማን ይሆን የነዳው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ አምና አብረን ከነዳነው አንዳችንም መልስ አልሰጠንም።

አንድ ሁለት ልጆች «ቦዩ አንድ ጊዜ ወጥቷል፤ አሁን ብንወርድበት ምን ይጨምራል?» ብለው ነበር። ክርክሩ ረዘም ያለ ነው። በመጨረሻ የወሰንነው ብስክሌቶቹን አስተኝተን ድንጋይ ለመልቀም ነው። በቦዩ ውስጥ በየጥቂት ርምጃው ድንጋዩን አግድም እየደረደርን ስድስት ትንንሽ ክትሮች ሠራን። የክትር ሥራ ውሃውን ለማቆም አይደለም፤ ፍጥነቱን ሰብሮ ያመጣውን አፈር እንዲያራግፍ ለማድረግ ነው። ሽማግሌውም ከብቶቻቸውን ትተው መጥተው፣ ትልልቁን ድንጋይ ከታች እንድናደርግ፣ መካከሉንም ዝቅ እንድናደርገው አሳዩን። መካከሉ ካልዘቀጠ ውሃው በዳር በኩል ሌላ ቦይ ያወጣልና። ከዚያ በኋላ ሣር ባለበት ጎን፣ እግረኛና ከብት በሚሄድበት አሮጌ ጠመዝማዛ መንገድ፣ ብስክሌታችንን እየገፋን ወረድን። የጥንት ሰዎች የኮረብታ መንገድ ለምን እንደሚያጠማዝዙ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

መደምደሚያ

በተቃጠለ ኮረብታ ላይ ብስክሌት መንዳት አይገባም አልልም። ከዚህ የተሻለ የጂኦግራፊ ክፍል አላገኘሁም። የምለው ይህን ነው፦ እሳት ያለፈበትን ስፍራ ቢያንስ አንድ ክረምት፣ ቢቻል ሁለት ክረምት እንተወው። በአሮጌው መንገድ እንሂድ፤ አዲስ ቁልቁለት አናውጣ። የመጀመሪያው እሳት የሠራውን ኮረብታ ለማልበስ ብዙ ሺህ ዓመት ወስዷል፤ ሁለተኛው እሳት በአንድ ከሰዓት በኋላ አራቈተው፤ እኛም በጥቂት ቅዳሜዎች አቈሰልነው።

ይህ መጽሔት ታትሞ በእጃችሁ ሲገባ ክረምቱ ደጅ ላይ ይሆናል። ስድስቱ ክትሮች ይያዙ አይያዙ ገና አላወቅንም። በመስከረም መጨረሻ ሄደን ለማየት ተቃጥረናል፤ አብሮን መምጣት የሚፈልግ ተማሪ ብስክሌቱንና ትርፍ ካላማዳሪውን ይዞ ይምጣ። ወላጆችም ጎርፉ ደጃችሁን ሲያንኳኳ ዓይናችሁን ወደ ኮረብታው አንሡ፤ ውሃው የመጣው ከሰማይ ቢሆንም መንገዱን የጠረገለት ከሰው ወገን ሊሆን ይችላል።